ጋሼ የጠረጠሩት ሻይ

አጎቴ ሰው መጠርጠር የጀመሩት ስትሮክ ከመታቸው በኋላ ነው፤ ነፍሳቸውን ይማርና። በኬንያ ሞያሌ ባለችው ሻይ ቤታችን የሰጠኋቸውን ብርጭቆ መጀመሪያ በግራ ጉንጫቸው፣ ቀጥሎ በቀኙ ያስነኩና ያፈጡብኛል።

«አንቺ! በአንድ በኩል የሚፋጅ፣ በሌላው የማይሞቅ ሻይ አለ እንዴ? ምን ጨምረሽበት ነው?»

የሆስፒታሉ ዳክታሪ አስረድቶናል። የተጎዳው የአንጎላቸው ግንድ፣ አንጎል ከጀርባ አጥንት ውስጥ ካለው ሰረሰር ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ቀኝ ፊታቸውና የአፋቸው ቀኝ ጎን ሙቀትና ሕመም አይለይም። እሳቸው ግን «እሱንም ሻይ አጠጥተሽው ይሆናል» አሉኝ።

አንድ ቀን ሳይሰማቸው አፋቸው ተቃጠለ። ቁስሉን በመስታወት ሲያዩት «መርዝ ነው!» ብለው ከእጄ መብላትም መጠጣትም ተዉ። እየከሱ ሲሄዱ ጨነቀኝ። በመጨረሻ፣ የጠጅ አሳላፊዎች እንደሚያደርጉት፣ ከሻዩ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ እያዩኝ ቀመስኩላቸው።

«ዋጥሽው?»

«ዋጥኩት፣ ጋሼ።»

«እስቲ አፍሽን ክፈቺ!»

ከፈትኩ። ምላሴን አስነስተው ሁሉ አዩና ጠጡ።

እስኪያርፉ ድረስ እንዲሁ ኖርን። ዛሬ የጭነት መኪና ሾፌሮች የቀዳሁትን ቀና ብለው ሳያዩኝ ይጠጡታል። እንደ ጋሼ ልብ ብሎ የሚያየኝ ሰው ግን አላገኘሁም።