ጎርፉ መሀል የያዝኩት እጅ

ከወልድያ መርሳ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ለእህቴ ለዘሀራ ኒካህ የዩኒቨርሲቲ ፈተናዬን ጨርሼ ከምሳ በፊት ብነሳ ይበቃኛል ብዬ ነበር። አባታችን በሕይወት ስለሌለ የምድራት እኔ ነኝ፤ እኔ ካልደረስኩ ኒካሁ አይታሰርም። ሙሽራው ደግሞ በማግስቱ ወደ ሥራው ወደ አፋር ይመለሳል። ጦርነቱ እንደገና ሊነሳ ነው በሚባልበት በዚያ ነሐሴ፣ የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ሌላ ነገርም ያሳስበኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ፣ ትምህርቷን ትጨርስ ብዬ ጋብቻውን ተቃውሜያለሁ። በኋላ ብስማማም የሙሽራው አጎት ሸህ ይማም አላመኑኝም። ብቀር «ሆን ብሎ ነው» እንደሚሉ አውቃለሁ።

ወልድያ

ረዳቱ ከታሪፍ በላይ ጠየቀ፤ ማንም አልተከራከረም። ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ስልክ አይሠራም። ኬላው ላይ አንድ የጥበቃ ወጣት መታወቂያዬን አገላብጦ አየና ማን እንደሚያውቀኝ ጠየቀኝ። የዩኒቨርሲቲው ግቢ ያውቀኛል አልኩት።

«ታዲያ ግቢው መጥቶ ይመስክርልህ?» አለኝ፤ ጓደኞቹ ሳቁ።

ከሲሪንቃ በኋላ

እኛ ያለንበት ፀሐይ ነው፤ ደጋው ላይ ግን ዘንቦ ኖሮ ቡናማ ውሃ ድልድዩን አልፎ ይፈሳል፤ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ሳይቀር ይዞ ይወርዳል። ሾፌሩ መኪናውን አዞረ።

ጆንያ የተሸከሙ አንድ ሽማግሌ፣ ላይ በኩል ወንዙ ሰፋ ብሎ ስለሚሳሳ በእግር ይሻገራል አሉን። ማንም አልተነቃነቀም። በዚያ ጊዜ የማያውቁትን ሰው ተከትሎ ከዋናው መንገድ የሚወጣ የለም። እኔ ዘሀራን አሰብኩና ራቅ ብዬ ተከተልኳቸው።

አባ ሰይድ እባላለሁ አሉኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ግቢ ውስጥ ወታደር ይኑር አይኑር፣ ለምን ብቻዬን እንደምሄድ ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው በበዛ ቁጥር መልሴን አሳጠርኩ። ጆንያው ውስጥ ምን እንዳለ ስጠይቃቸው «የቤት ዕቃ ነው» አሉ። ሲራመዱ ግን ኮሽ ኮሽ ይላል።

ወንዙ ዳር ጆንያውን አናታቸው ላይ አደረጉና እጃቸውን ዘረጉልኝ። ውሃው እስከ ወገብ ነው፤ ከእግሬ ሥር ድንጋዩ ይንከባለላል። መሀል ላይ ይለቁኛል ብዬ ፈርቼ በሁለት እጄ ያዝኳቸው።

መርሳ መግቢያ

ሚሊሻዎቹ ጆንያውን አስፈቱት። የማሽላ ዛላ ነበር።

«ስንቁ ለማን ነው?» አላቸው አንደኛው።

«ስንቅ አይደለም፣ ዘር ነው። ማሳዬን ጎርፍ ወሰደው፣ ቤቴም ውሃ ገባበት። የቀረኝ ይሄ ነው፤ ልጄ ቤት ላስቀምጠው ነው።»

ሚሊሻው ወደ እኔ ዞረ። «ታውቃቸዋለህ?»

«አውቃቸዋለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከወንዙ ጀምሮ» አልኩ። እርጥብ ሱሪያችንን አየና አሳለፈን።

ሰርግ ቤት

ልብሳቸው እንዲደርቅ አባ ሰይድን ይዣቸው ገባሁ። ዳሱ ውስጥ ላሉት ጎርፍ ይዞኝ ነው የዘገየሁት አልኩ። ዘሀራ ከበሩ ብቅ ብላ አየችኝና ተመልሳ ገባች።

«መርሳ ላይ ጠብታ አልጣለም» አሉ ሸህ ይማም። «ሌላው እንግዳ አብዛኛው በጠዋት ደርሷል። ጎርፉ አንተን ነው የጠበቀህ?»

ስለ ፈተናው ማስረዳት ጀመርኩ፤ ማንም የሰማኝ አልመሰለኝም። አባ ሰይድ ከዳሱ ጫፍ ድምፃቸውን አሰሙ።

«ሸሁ፣ እኔም ይሄን ልጅ ስጠረጥረው ነው የዋልሁ። ስጠይቀው መልሱ ቁንጽል ነው፤ ሰላይ ነው አልሁ። ውሃው መሀል ቢለቀኝ ልለቀው ነበር።» ጣታቸውን ዘርግተው አሳዩ። «አልለቀቀም። እስካሁን ያመኛል። መቅረት የፈለገ ሰው እንዲህ አድርጎ አይዝም።»

መጀመሪያ የሳቁት ሴቶቹ ናቸው። ሸህ ይማም ጭቃ የነካውን ሱሪዬን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከሁለቱ የኒካህ ምስክሮች አንዱ፣ እሱም ከወልድያ የሚመጣ፣ ገና አልደረሰም ነበር።

«እንግዲያው እኒህ ሰው ይመስክሩ» አሉ።

እህቴን በርጥብ ሱሪ ዳርኩ።

መልስ

ውሃው ሲጎድል ወደ ወልድያ ተመለስኩ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ሰው እየተጠራጠረም ቢሆን እጅ መያዝ እንደሚችል ነው። ኬላው ላይ ያው ወጣት ማን እንደሚያውቀኝ ጠየቀኝ። መርሳ ያሉ አባ ሰይድ የሚባሉ ሰው ያውቁኛል አልኩት። ያመነኝ አይመስለኝም፤ ግን በዚህኛው ጊዜ ማንም አልሳቀም።