አያ ገብሬ ከበሩ ያቆሙት ልጅ

ልጅ ሳለሁ አያ ገብሬ የሚባሉ ሽበታም ሰው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አዲስ ፋኖስ አንጠልጥለው ወደ ቤታችን ይመጡ ነበር። የኩበቱ ጭስ ዓይን እየቆጠቆጠ፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ፣ እሳቸው ፍሙ ዳር ቁጭ ብለው ተረት ይጀምራሉ። እሳቸው ፋብሪካ ሊያቆሙ ለመጡት ሰዎች መሬት የሚያስፈርሙ ደላላ መሆናቸውን ያኔ አላውቅም። አባቴ ሞቷል፤ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ የዓለም ወሬ ለኔ ከሳቸው አፍ ነበር የሚወጣው።

ተረታቸው አንድ ነው፤ አያልቅም እንጂ። የአንዲት መበለት ልጅ፣ መብራት የማይጠፋበት ከተማ አለ ሲባል ሰምቶ ይነሳል። እዚያ ውሃ በግድግዳ ውስጥ ይመጣል፤ በአንድ ቀን የሚሸመነው ጨርቅ ተራራ ያክላል፤ ሠራተኛው ሁሉ ጫማ አለው። ልጁ ወንዝ ይሻገራል፣ ጅብ ያባርረዋል፣ ይራባል። በየምሽቱ ትንሽ ትንሽ እያስኬዱ አንድ ቀን ከከተማው በር አደረሱት። ዘበኛው ጦሩን አጋድሞ «ወዴት?» አለው። እዚህ ላይ ተረቱን አቆሙት።

«ገባ?» አልኳቸው።

እናቴን አዩዋት። ከኋላ ተቀምጣ ሽምብራ ትለቅማለች።

«እናትህ ስትፈርም ይገባል» አሉ።

ጎረቤቶቻችን ሳቁ። እነሱ ፈርመዋል፤ መሳቅ አይከብዳቸውም። ወንዙ ዳር ካለው መሬት የቀረው የኛ ማሳ ብቻ ነበር። ያለሱ ፋብሪካው አይቆምም አሉ፤ እኛም ያለሱ የምንበላው የለንም።

«ልጄን በተረት አይያዙብኝ፣ አያ ገብሬ» አለች እናቴ።

«እኔ ምን አደረግሁ? በሩ ላይ ቆሟል፤ ይብረደው እንግዲህ።»

በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን መጡ፤ ሌላ ሌላውን አወሩ እንጂ ልጁን አልነኩትም። እኔ እህል እምቢ አልኩ። የሰፈር ልጆች «ያንተ እናት ናት በብርድ ያስቆመችው!» እያሉ ያሳድዱኛል። እናቴ መጀመሪያ መታችኝ፤ ቀጥሎ ለመነችኝ። በአራተኛው ምሽት ፍሙ አመድ ሲለብስ እጇን ዘረጋች። አያ ገብሬ አውራ ጣቷን ይዘው ቀለሙ ውስጥ ነከሩት፤ ወረቀቱ ላይ ጫን አደረጉት። ከዚያ ፋኖሳቸውን አንስተው ወጡ።

በማግስቱ አልመጡም። ፈልጌ ሄድኩ። ከወንዙ ማዶ፣ ሌላ ግቢ ውስጥ፣ ሌሎች ልጆች ከበዋቸው፣ ያንኑ የተረቱን ልጅ ገና ከእናቱ ቤት ሲያስወጡት ደረስኩ።

«አያ ገብሬ፣ ገባ?»

«ገባ፣ ገባ። ሂድ አሁን፣ እነዚህን አታበላሽብኝ።»

እናቴን ያስፈረምኳት ለዚህ ነበር።

ሽምብራው ሳይደርስ ማሳው ተቆፈረ። እናቴ በገዛ መሬቷ ላይ፣ ግንቡ ሲሠራ፣ ድንጋይ ተሸካሚ ሆነች። ግንቡ ሲያልቅ ለክር መፍተያው ወጣት እንፈልጋለን ብለው አሰናበቷት። የዚያን ቀን «እማ፣ ራበኝ» አልኳት። ክፉ ሴት አልነበረችም። ቀና ብላ አየችኝና «ተረትህን ብላ» አለችኝ።

አድጌ አገር ለቀቅሁ። ሶደርተልየ በምትባል የፈረንጅ ከተማ፣ ፋብሪካ ውስጥ የጭነት መኪና ብሎን ሳጠብቅ ጡረታዬ ደረሰ። ባለፈው እሑድ ልጄ ከምትኖርበት ከሜርስታ በባቡር መጥታ፣ ዛሬ ከተማ የሆነውን ያደግሁበትን ሰፈር በስልኳ አሳየችኝ። ፎቅ ነው፣ አስፋልት ነው፣ መብራት ነው።

«ፓፓ፣ እየው! እንዴት አድጓል!»

አያ ገብሬ አልዋሹም። ያሉት ሁሉ ሆነ፤ ውሃው በግድግዳ መጣ፣ የስንቱ ልጅ ጫማ አደረገ፣ ተማረ። ቢዋሹ ይቀለኝ ነበር።

«አያቴ ይህን ሳታይ መሞቷ» አለች ልጄ።

«አይታዋለች» አልኳት። «ድንጋዩን ተሸክማለች።»

ከዚያ ሁሉ ምሽት ጭሱም፣ ፋኖሱም፣ የሰውዬው ድምፅም እየራቀኝ ሄዷል። የቀረኝ እናቴ ከፈረመች በኋላ ያለው ነው፤ እሷ የጣቷን ቀለም ለማስለቀቅ በአመድ ስትፈትግ፣ ስትፈትግ፣ እኔ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ነገ ልጁ ሊገባ ነው ብዬ ደስ ሲለኝ።