ሁለተኛው ባትሪ

ወረታ ፊዚክስ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት ተማሪዬ ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ደረሳት። እናቷ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው፣ «መምህር፣ ኮምፒውተር ያስፈልገኛል አለች። እኔ አላውቀው፤ እርስዎ ይምረጡልን» ሲሉኝ እንዴት ደስ አለኝ! ማስረዳት እወዳለሁ፤ የሚያስረዱት ነገር ደግሞ ተገኘ።

ሦስታችን በሚኒባስ ወደ ባሕር ዳር ሄድን። ሐሙሲት ሳንደርስ ፕሮሰሰርን ጨርሼ ሜሞሪ ላይ ነበርኩ።

«ሜሞሪ እንደ አውድማ ነው፣ እናቴ። ሲሰፋ ብዙ ነዶ ይዘረጋበታል።»

«አውድማ ገብተው ያውቃሉ?»

«ከመኪና ላይ ሆኜ አይቻለሁ።»

ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሳቀች።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተሮች ቀረቡልን። አንደኛው ትንሽ ነው፤ ባትሪው ብዙ ይቆያል፣ የምሕንድስና ሥዕል የሚሠራበት ፕሮግራም ሲከፈትበት ግን ይንቀራፈፋል። ሌላው ከባድና ጉልበታም ነው፤ እኔ ካለኝ ኮምፒውተር ጋር ዓይነቱ አንድ ነው። ጉልበታሙን መርጬ ምክንያቴን በየተራ አስረዳሁ። ልጅቷም እየዳሰሰችው «ይሄን ነው የምፈልገው» አለች።

እናትየው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ያለ መብራት ምን ያህል ይቆያል?»

«ሥዕል ከተሠራበት ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው።»

«ከዚያስ?»

«ይጠፋል።»

ቤታቸው ከወረታ ወደ ጣና በኩል፣ በሩዝ ማሳዎች መካከል ነው፤ መብራት አልገባም። አውቃለሁ፤ ግን አላሰብኩበትም ነበር።

«እንግዲያ ክረምት ቤት አትመጣም» አሉ፣ ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ ሳያነሡ።

«እማ ደግሞ! እመጣለሁ እንጂ።»

«ትመጫለሽ። ሁለት ቀን ታድሪና መብራት ፍለጋ ከተማ ትገቢያለሽ። ወንድምሽም እንዲሁ ብሎ አይደል ቤት ተከራይቶ የቀረው?»

ልጅቷ እጇን ከጉልበታሙ ላይ አነሣች። ትንሹን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ «ይሄም ይበቃኛል» አለች። እንደማይበቃት ያስረዳኋት እኔው ነኝ።

ከዚያ ጉልበታሙን ገልብጬ አየሁት። ባትሪው ይነቀላል፤ ቅርጹም ከእኔው ጋር አንድ ነው። ሁለተኛ ባትሪ ቢገዛ፣ አንዱ እነሱ ቤት ሲሠራ ሌላው ወረታ በእኔ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ይሞላል። ይህን ስናገር ባለሱቁ ሳቀ።

«ለኮምፒውተር ስንቅ የሚቋጥር ገና ዛሬ አየሁ!»

«ምን ያስቅሃል? ስንቁን አምጣ እንጂ» አሉት እናትየው።

ክረምት ሲሆን ልጅቷ ቤቷ ገባች። ሜዳው ውኃ ስለሚተኛበት መንገዱ ጭቃ ነው። እናትየው ግን በየገበያው ቀን ያለቀውን ባትሪ በፌስታል፣ ፌስታሉን በነጠላ ጠቅልለው ደጄ ይደርሳሉ፤ ሲመለሱ ሙሉውን ይወስዳሉ።

አንድ የገበያ ቀን፣ መብራት ጠፍቶ ሰንብቶ ያን ዕለት ከሰዓት ስለመጣ፣ የሚወስዱት ባትሪ ገና ግማሽ ላይ ነበር።

«እናቴ፣ ይመሽብዎታል። ነገ እሷ መጥታ ብትወስደውስ?»

«የለም ልጄ፣ እጠብቃለሁ።» ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገቡና ተቀመጡ። «ማታ ማታ ባትሪውን እየቆጠበች ድልድይ ትሥላለች። ወደ እኛ ቤት የሚያሻግር ነው ወይ ብላት፣ ኧረ ትምህርት ነው አለችኝ። ምኑም አይገባኝ፤ ጥጤን እየፈተልኩ እሷን አያለሁ።»

ስለ ድልድይ ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ወንበሬን ሳብኩ፤ አብረን ባትሪው እስኪሞላ ጠበቅን።