የደራው ተዝካር ፎቶግራፍ

ከባሌ ከግርማ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የፎቶ ስቱዲዮውን መጋረጃ ማራገፍ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ እሱ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን አራገፍነው፤ እያጠፍን እያጠፍን መሐል ላይ ስንገናኝ "አንቺ ሁልጊዜ ጫፉን ታጣምሚያለሽ" አለኝ። "አንተ እየሳብከው ነዋ" አልኩት። በማግስቱ ጠዋት ልቡ ቆመ።

ባለፈው ሳምንት መጋረጃውን ከሣጥን ሳወጣ የፊልም ማጠቢያው ሽታ፣ ያ ኮምጣጤ የሚመስለው፣ ፊልም ማጠብ ከተውን ከስንት ዘመን በኋላ እንኳ አልለቀቀውም። ሃያ ዓመት ያልሞላኝ ሙሽራ ሆኜ፣ የካሜራውን ማቆሚያ ታቅፌ፣ ላብ ላብ በሚል አውቶቡስ ከናዝሬት ወደ ደራ የሄድኩበት እሑድ መጣብኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ወንዱ ልጅ ለዘመቻ እየተጠራ ሠርግ ስለጠፋ የግርማ እንጀራ ተዝካር ሆኖ ነበር። ዘመድ ከያለበት የሚሰበሰበው፣ ሰው የክት ልብሱን የሚለብሰው፣ ዳስ የሚጣለው እዚያ ነው፤ ቀኑ እየገፋ ጠላው ሲሠራም ልቅሶው ይረሳና ጨዋታው ይደምቃል። ተዝካር የት እንዳለ የሚነግሩን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚለምኑት ዓይነ ስውሩ አባ ሞገስ ነበሩ።

"እሑድ ደራ ነው" አሉን ያን ሰሞን። "በሬ ተገዝቷል፤ ጠላውም ደርሷል።"

"ሠርግስ የለም፣ አባ?" አላቸው ግርማ።

"ሙሽሮቹ ሰሜን ናቸው፣ ልጄ። ዝም ብለህ ተዝካርህን አንሣ።"

ደራ ስንደርስ ዳሱ ሞልቷል። የባሕር ዛፉ ቅጠል በሙቀቱ ይሸታል፣ ካህናቱ በልተው መርቀዋል፣ ጎረቤቶች ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ይቀላለዳሉ፣ ሕፃናት አጥንት ይዘው ይሯሯጣሉ። ተዝካሩ የእትዬ ዘነበች አንድ ልጅ የሰይፉ ነው። ከዓመት በፊት ቀበሌ ጠርቷቸው ጦር ሜዳ መሞቱን ነገራቸው፤ ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ።

ግርማ ቤተሰቡን ከዳሱ ፊት አሰለፈና እናቲቱ የልጃቸውን ፎቶግራፍ ደረታቸው ላይ እንዲይዙ ጠየቀ። ደንቡ ይኸው ነበር፤ ሟች ከቤተሰቡ ጋር የሚነሣው መስታወት ውስጥ ሆኖ፣ በእናቱ ወይም በሚስቱ እጅ ነው። እትዬ ዘነበች እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ።

"አልይዝም።"

"ያዢው እንጂ፣ ሰው ቆሟል" አሏቸው ታላቅ ወንድማቸው ጋሽ ተፈራ።

"ከያዝኩትማ ሞቷል ማለት ነው።"

"ታዲያ ይሄ ሕዝብ የማንን ተዝካር ሲበላ ዋለ?"

"ሞቶም እንደሆነ ለነፍሱ፣ ካለም ለመንገዱ። እንግዳ ማብላት ማንን ጎዳ?"

የዳሱ ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ። ጋሽ ተፈራ ፎቶግራፉን ራሳቸው ሊይዙት ሲሉ እትዬ ዘነበች ነጥቀው ቤት አስገቡትና ተመልሰው ቆሙ። ግርማ አልተከራከረም። "እስቲ ትንሽ ራቅ በሉላቸው" ብሎ በቀኛቸው በኩል አንድ ሰው የሚያቆም ቦታ አስለቀቀና አነሣቸው።

ታጥቦ ሲደርስ እትዬ ዘነበች ናዝሬት ስቱዲዮው ድረስ መጥተው አዩት። ባዶውን ቦታ በጣታቸው ዳበስ አደረጉና "እናንተ ዘንድ ይቀመጥ፤ ሲመጣ አብረን እንወስደዋለን" አሉ። ደርግ ወድቆ የተረፈው ወታደር በእግሩ ሲመለስ ከደራ እየመጡ መናኸሪያው በር ላይ ይቆሙ ነበር፤ ከዚያ ስቱዲዮ ገብተው ውኃ ይጠጣሉ፣ ስለ ዝናብና ስለ ጤፍ ያወሩናል፣ ይሄዳሉ። አንድ ክረምት ግን በዚያው ቀሩ። ግርማ ፎቶግራፋቸውን ከመሳቢያው አላወጣውም። እኔ ያኔ ያ ሁሉ የእሳቸው መመላለስ ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር።

አባ ሞገስም የሉ፣ ያ ሁሉ ዘመድም የለ። እንደዚያ አሰልፎ "ትንፋሽ ያዙ" የሚል ሰውም የለ፤ ሁሉም በየስልኩ ያነሣል። መሐል ላይ ደርሼ የማጥፈውን ጨርቅ የሚቀበለኝም የለ።

የግርማ አርባ እሑድ ነው። በሬውን ገዝቻለሁ፣ ለካህናቱም ነግሬያለሁ። እህቱ ጉርድ ፎቶግራፉን አስተልቃ፣ መስታወት አስገብታ አምጥታለች፤ "ዕለቱን አንቺ ነሽ የምትይዢው" ብላኛለች። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሬ አስቀምጬዋለሁ።

ጠዋት ስቱዲዮውን እከፍታለሁ። ግርማን ለሚጠይቀኝ ሰው ወጣ ብሏል እላለሁ። ማታ እዘጋለሁ።