አርባ አንደኛዋ ፎቶ

ዲላ ባለ አንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን የተረከብኩት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ድረ ገጽ ነበር። ድረ ገጹን የሠራው ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ነው፤ ሥራውን ለቅቆ፣ ስልኩንም ቀይሮ ሄዷል። ወርቃ በሚባል ቀበሌ ያሉ አርባ ገበሬዎች ፎቶ ከነስማቸው፣ ለአንድ ሰው አንድ ገጽ እየሆነ ተደርድሮበታል። የውጭ ገዢዎች ቡናውን ማን እንዳመረተው የሚያዩት በዚያ ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ገቡ። ወይዘሮ አየለች ይባላሉ፤ ከወርቃ ነው የመጡት። ጭቃ የያዘ ጫማቸውን በር ላይ ሊያወልቁ ሲሉ እኔው ከለከልኳቸው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ እሱና እሷ ይቀላቀልባቸዋል።

«ልጄን የዚህ ቤት ሰዎች ፎቶ አንስቶታል» አሉኝ። «ሴቷን ልጄን፣ ታደለችን። ሞተ። ቤት ውስጥ ፎቶ የለም፣ አንድም የለም። እናንተ ጋ አለ፣ ስጠኝ።»

አርባውን ገጽ አንድ በአንድ ከፍቼ አሳየኋቸው። ታደለች የምትባል የለችም። «እናቴ፣ እዚህ የለችም» አልኳቸው። ማሽን አይዋሽም ብዬ የማምንበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ።

«አንስቶታል» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እየመጡ ያንኑ ይጠይቁኝ ነበር፤ እኔም ያንኑ እመልስላቸው ነበር። ፎቶዎቹ ሁሉ የተከማቹበትን ፎልደር ከፍቼ ማየት አንድም ቀን አልታሰበኝም። ገጹ ላይ ከሌለ የለም፣ አለቀ። ወደ ኋላ ላይ መልሴን ሰምተው ሳይጨርሱ ነበር የሚወጡት።

በስድስተኛው ዓመት ድረ ገጹ የተሠራበት ፕሮግራም ሞተ። ሠሪዎቹ ከእንግዲህ አናድስም፣ አንጠግንም ብለው አስታወቁ። አዲሶቹ ኮምፒውተሮች አይከፍቱትም። ድረ ገጹን የሚያስቀምጥልን ድርጅት ደግሞ በወሩ መጨረሻ አሮጌውን ሰርቨር ዘግቶ፣ ላዩ ላይ ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ ጻፈልን። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል እያልኩ ፕሮግራሙን መቀየሩን ስንት ጊዜ አጓትቼዋለሁ። አሁን ሰይጣኑም ሊሄድ ነው።

ሦስት ፕሮግራሞች አማረጥኩ። አንደኛው በየወሩ በዶላር ካርድ ይከፈልበታል፤ ዲላ ላይ የዶላር ካርድ ያለው ሰው ፈልጌ ስላጣሁ ተውኩት። ሁለተኛው ያማረና ፈጣን ነው፤ ግን ከአሮጌው ድረ ገጽ የሚያነሣው ከገጽ ጋር የተያያዘውን ፎቶ ብቻ ነው፣ ሌላውን ጥሎት ይሄዳል። ሦስተኛው ደረቅ ነው፣ ይጎተታል፤ ነገር ግን ፎልደሩ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ያመጣል። ሁለቱን ልሞክራቸው ብዬ በሦስተኛው ጀመርኩ።

ረፋድ ላይ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጭኜ እንደጨረስኩ መብራት ሄደ። ሲመለስ ገጽ አንድን ከፈትኩ። ገጽ አንድ የሊቀ መንበሩ የአቶ ጂግሶ ነው፤ ሽበታም፣ ባርኔጣ የማይለያቸው ሰው ናቸው። ስማቸው አለ። ከስማቸው በላይ ግን ቢጫ ሻሽ ያሰረች ወጣት ሴት ቀጥ ብላ ታየኛለች። ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የማየው ድረ ገጽ ነው፤ እሷን ግን አንድ ቀን አይቻት አላውቅም።

ገጽ ሁለትን ከፈትኩ። አቶ ጂግሶ እዚያ ናቸው፣ በሌላ ሰው ስም። ሦስተኛው ላይ የሁለተኛው ሰው ፊት። እስከ አርባ ድረስ ሁሉም አንድ አንድ ቦታ ተጠግተዋል፤ ለቅሶ ቤት አግዳሚ ላይ አዲስ ለመጣ ሰው እንደሚጠጋጉት ነው። የመጨረሻው ሰው መቀመጫ አጥቶ ቀርቷል።

አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። እዚያው ናት። ለሦስተኛ ጊዜ ጫንኩ። አሁንም እዚያው።

የጽዳት ሠራተኛዋ አስቴር ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። «ይቺ ደግሞ ማናት? አንተን እኮ ነው የምታየው!» አለችኝ። ባልዲዋን አንሥታ ወጣች፤ ያን ቀን ክፍሌ አልተወለወለም።

ሥራ አስኪያጁን አቶ መስፍንን ጠራኋቸው። ስክሪኑን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ይህንን ከየት አመጣኸው?»

«ፎልደሩ ውስጥ ነበረች።»

«ያ ከአንተ በፊት የነበረው ልጅ ያጠፋት መስሎኝ! ወርቃ፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያው ትሠራ ነበር። ፎቶ ተነሥታ፣ ድረ ገጹ ሳይከፈት ሞተች። የሞተ ሰው ለገዢ አናሳይም ብዬ ገጿን አስወጣሁ። ይልቅ ያንን ሁለተኛውን ጫን፤ እሱ አያመጣትም።»

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ያ ፊት ከፊቴ እንዲነሣልኝ ነበር የፈለግሁት። ሁለተኛውን ጫንኩ፤ አርባው ሰው በየቦታው ተመለሰ፣ እሷ የለችም። አቶ መስፍን ሊወጡ ሲሉ ለወጉ ያህል ስሟን ጠየቅኋቸው።

«ታደለች መሰለኝ።»

ስድስት ዓመት ሙሉ እናቷን የለችም እያልኩ ስመልስ፣ ልጅቷ እዚሁ እጄ ሥር ነበረች። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ ፎቶዋን አትሜ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ ወርቃ ወጣሁ። ጭጋግ ስለነበረ የማጠቢያ ጣቢያው ሴቶች አጠገባቸው እስክደርስ አላዩኝም። የወይዘሮ አየለችን ቤት ልጠይቅ ብዬ ወረቀቱን አወጣሁ። የማድረቂያው አልጋ ላይ ቡና የሚያገላብጡት እጆች ተራ በተራ ቆሙ። ማንም ስሟን አልጠራም። አንዷ ቀረብ ብላ ፎቶውን በነጠላዋ ሸፈነችው።

«እናቱ ሳያይ ለእኛ አታሳየን» አለችኝ፣ በዚያው በወይዘሮ አየለች አማርኛ።

ቤታቸው ስደርስ ወይዘሮ አየለች ፎቶውን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን ወጡ።

«ፊቱ ጠፍቶብኝ ነበር» አሉ። «በሕልሜ ይመጣል፣ ፊት የለውም። ቢጫ ሻሹን ብቻ ነው የማየው።»

«ይቅር ይበሉኝ እናቴ። የለችም ያልኩዎት ሳላይ ነው።»

«ማሽኑ የት አስቀምጦት ነበር?»

«ከሁሉም ፊት። አንደኛ።»

ምንም አልገረማቸውም። «ልክ ነው። ያን ቀን ሰው ሁሉ ፎቶ ፈርቶ ነበር። መጀመሪያ የቆመው ልጄ ነው፤ ሌላው እሱን አይቶ ነው የተነሣ።»

ነገሩን አውቀዋለሁ። የቀድሞው ልጅ ለአርባዎቹ ፎቶ ቁጥር ሲሰጥ የእሷን ያለ ቁጥር ትቶታል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ቁጥር የሌለውን ከፊት ያሰልፋል። ሌላ ምሥጢር የለውም። ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ጠጉሬ ግን ቆመ።

ዲላ ተመልሼ ሦስተኛውን ፕሮግራም መረጥኩ። አቶ መስፍን ተቆጡ። «ገዢ ቢያያትስ?»

«ገጹ ላይ አትወጣም። ከፎልደሩ ግን አላስወጣትም፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣውም የለችም እንዳይል።»

አርባውን ፎቶ ከየስሙ ጋር በእጄ ማያያዙ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አርባ አንደኛውን ፋይል «ታደለች» ብዬ ሰየምኩት። በወሩ መጨረሻ አሮጌው ሰርቨር ተዘጋ።

በዚህ ሙያ ላላችሁ የምለው ይህ ነው። ፕሮግራም ስትመርጡ ምን ጥሎ እንደሚሄድ ጠይቁ። አሮጌው ሳይዘጋ ፎልደሩን ራሳችሁ ክፈቱና ፋይሎቹን ቁጠሩ። ሳታዩ የለም አትበሉ። እኔ ሳላይ የለችም ያልኩባቸውን ስድስት ዓመታት ለወይዘሮ አየለች የሚመልስላቸው ፕሮግራም አላገኘሁም።