ጀርባዬን ለጋሼ

ባለ ሁለት ወንበር ብስክሌት ላይ ሁለት ሰው የሚቀመጠው ጎን ለጎን ሳይሆን ፊትና ኋላ ሆኖ ነው። ከፊት ያለው መሪውን ይይዛል፣ ፍሬን ይይዛል፣ ማርሽ ይቀይራል። ከኋላ ያለው ሥራው ፔዳል መምታት ብቻ ነው። የሁለቱም ፔዳሎች በሰንሰለት ስለተያያዙ አንዱ ሲያቆም ሌላውም ይቆማል፣ አንዱ ሲፈጥን ሌላውም መከተሉ ግድ ነው። ይህን ሁሉ ለጋሼ ያስረዳኋቸው ቶሮንቶ ውስጥ ክሬሰንት ታውን በሚባል ሰፈር ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቆመን ነበር። እጃቸውን ይዤ ወንበሩን፣ እጀታውን፣ ሰንሰለቱን አስነካኋቸው። ጣቶቻቸው በግራሶ ጠቆሩ።

«ጨረስክ?» አሉኝ።

«ስለ ማርሹ ትንሽ ይቀረኛል።»

«እኔ የምቀመጠው ከኋላ አይደል እንዴ? ማርሹን ለራስህ አስረዳው።»

ጋሼ ዘመዴ አይደሉም። ከእኔ ሦስት ፎቅ ከፍ ብለው ይኖራሉ፤ እሑድ እሑድ ክንዳቸውን ይዤ ቤተ ክርስቲያን እወስዳቸዋለሁ። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው ቶሮንቶ ከገቡ በኋላ ዕድሜያቸውን የፈጁት መሀል ከተማ፣ ከመሬት በታች ባለ የመኪና ማቆሚያ፣ የመስታወት ዳስ ውስጥ ተቀምጠው ሒሳብ ሲቀበሉ ነው። ጡረታ በወጡ ማግስት ግላኮማ የሚባል በሽታ ዓይናቸውን ወሰደው። «የሰው መኪና ሲገባና ሲወጣ እያየሁ ኖርኩ፤ አሁን ደግሞ ተራዬ ደርሶ ልሂድ ስል መብራት ጠፋ» ይሉ ነበር። ይህን ሲናገሩ ይስቃሉ። የሚሰማቸው ሰው ግን ምን እንደሚል ይጨንቀዋል።

ስለ ጉዞው የነገርኳቸው እንደ ተራ ወሬ ነበር። አራተኛ ክፍል በማስተምርበት ትምህርት ቤት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ማስታወቂያ ለጥፋ አየሁ፤ ስሪላንካን ከምዕራቡ ባሕር እስከ ምሥራቁ ባሕር በብስክሌት ማቋረጥ፣ የሚሰበሰበው ገንዘብም ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና መክፈል ለማይችሉ ሰዎች እንዲውል። ማየት ለማይችሉ ተጓዦች ባለ ሁለት ወንበር ብስክሌት እንደሚያበድሩም ተጽፏል። ጋሼ ሻያቸውን አስቀመጡ።

«ከባሕር እስከ ባሕር?»

«አዎ ጋሼ። ደሴት ስለሆነ ነው፤ ከዚህ ጠረፍ ተነስተው…»

«ደሴት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋሉ ነው ያልከኝ?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የእኔ ዓይን እንደማይመለስ ሐኪሙ ነግሮኛል። የሚመለስለት ሰው ካለ ግን እግሬ ገና ደህና ነው። ደግሞም አንድ መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በራሴ እግር መሄድ እፈልጋለሁ። አንድ ብቻ።»

ልጃቸው ነርስ ናት። ሪጀንት ፓርክ የሚባል ሌላ ሰፈር ነው የምትኖረው። ወሬውን እንደሰማች ከነሥራ ልብሷ መጣች።

«አባዬ፣ ብቻህን ሊፍት ድረስ ስትሄድ እንኳ ልቤ ይመታል! ብስክሌት?»

«ብቻዬን አይደለሁም። አስተማሪው አለ።»

ወደ እኔ ዞረች። ገና አፌን ከመክፈቴ እጇን አነሳች። «እንዳታስረዳኝ። ኦኬ፣ ሂዱ። ግን አንዴ ብትወድቁ፣ አንዴ ብቻ፣ አለቀ። እዚህ ከሆነ ጉዞው ካንስል ይሆናል። እዚያ ከሆነ የቀረውን በመኪና። ፕሮሚስ አድርጉልኝ።»

ሁለታችንም ቃል ገባን።

በረዶው እንደቀለጠ በሐይቁ ዳር ልምምድ ጀመርን። የመጀመሪያው ቀን ወንበሬ ላይ ስወጣ፣ ማንኛችንም ብንሆን እንደምንለው፣ «ጋሼ፣ ጀርባዬን ይቅርታ» አልኳቸው።

«እኔ እንደሆንኩ አላየሁት» አሉ።

በሳቅ ሞትን። ነገሩ ግን በሳቅ አላለቀም። በአውቶቡስም ሆነ በሠርግ ቤት ለታላቅ ሰው ጀርባ አይሰጥም፤ ግድ ከሆነም ይቅርታ ተጠይቆ፣ እየተዞረ ነው የሚወራው። እኔ በዚህ ነው ያደግሁት። ብስክሌቱ ይህን እንደማይፈቅድ ጭንቅላቴ ገብቶታል፤ አንገቴ ግን አልገባውም። ጋሼ አንድ ነገር ባሉኝ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ፊት ሲዞር ትከሻ ይዞራል፤ ትከሻ ሲዞር መሪው ይዞራል። ብስክሌቱ ይወላገድና እንደምንም አቀናዋለሁ። ጋሼ ነፋስ ይመስላቸው ነበር።

ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ፣ ሐይቁ ዳር ካለ የሣር ሜዳ አጠገብ ስንደርስ፣ «ሐይቁ ዛሬ ምን ይመስላል?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ደስ አለኝ። በደንብ ልመልስላቸው ዞር አልኩ።

ሣሩ ላይ ተዘረጋን። ብስክሌቱ እላዬ ላይ ነው፤ የኋላው ጎማ ብቻውን ይሽከረከራል። ጋሼ ክርናቸው ተልጧል።

«አንተ ልጅ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«መልስ ልሰጥዎት ዞሬ ነው።»

«ወደየት?»

«ወደ እርስዎ።»

ክርናቸውን ዳበሱ። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ሳቅ ነበር። «የሚያይህ ሰው የለም እኮ!» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። ሳቃቸው ሲበርድ እጄን ፈልገው ያዙ። «ስማኝ ልጄ። ቤቴ ስትመጣ ፊትህን ስጠኝ። እዚህ ላይ ግን እኔ የምፈልገው ጀርባህን ነው። ቀጥ ብለህ ስትቀመጥ በእጀታው በኩል ይሰማኛል፣ ስታዘነብልም አብሬህ አዘነብላለሁ። ወደ እኔ በዞርክ ቁጥር መንገዱ ይጠፋብኛል።»

መውደቃችንን ለልጃቸው ራሳቸው ደውለው ነገሯት። መጥታ ክርናቸውን እየጠረገች ለምን እንደወደቅን ጠየቀችኝ። የአንገቱን፣ የትከሻውንና የመሪውን ነገር በየተራ አስረዳሁ። ጥጡን እንደያዘች ቀረች።

«ጀርባ ላለመስጠት ብለህ ነው አባቴን የጣልከው?»

«አሁን ጀርባ መስጠት ተምሯል» አሉ ጋሼ። ቀጥሎ ያሉት ግን ከእሷ ጋር ክርክር አልነበረም፤ ልመና ነበር። «ልጄ፣ ይህችን አትከልክይኝ።»

አባቷ እንዲህ ለምነዋት አያውቁም መሰለኝ፤ ፊቷ ተለወጠ። «ተምሮ ከሆነ እንግዲህ ይፈተናላ» አለች።

ወደ መኪና ማቆሚያው ወረድን። ብስክሌቱ ላይ ወጥተን መዞር ጀመርን፤ እሷ ከኋላ እየሮጠች ትጮሃለች።

«አስተማሪው! ሱሪህ ተቀዷል!»

አልዞርኩም።

«ዳይሬክተሩ መጥቷል! ተማሪዎችህ ሁሉ ወደቁ!»

አልዞርኩም። ጋሼም ከዱኝ፤ «ውይ ልጄ፣ ጫማዬ ወለቀ!» አሉ ከኋላዬ። አንገቴ በራሱ ሊሄድ ሲል ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት። «ጫማዎን አቁመን እናነሳዋለን!» አልኩ፣ ዓይኔን ከፊቴ ሳልነቅል። ልጅቷ ምሰሶ ተደግፋ ሆዷን ይዛ ስትስቅ አለፍናት።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «እዚያ ብትወድቁ ግን በመኪና ነው።»

ትምህርት ሲዘጋ ስሪላንካ ሄድን። ከምዕራቡ ጠረፍ የተነሳነው በዝናብ ነው። ውኃው ከኮፍያዬ ወደ አንገቴ፣ ከአንገቴ ወደ ጀርባዬ ይወርዳል። እኔ ፊቴን ወደ መንገዱ አድርጌ እናገራለሁ፤ ነፋሱ ድምፄን ለጋሼ ያደርስልኛል። የኮኮናት ዛፍ፣ የተማሪ ሰልፍ፣ መሀል መንገድ የተኛች ላም።

«ይሄ እንደ ስፌት መኪና የሚንጣጣው ምንድን ነው?»

«ባጃጅ ነው ጋሼ። አገራችንም ሞልቷል።»

«እኔ ስወጣ አልነበረም» አሉ። ከዚያ በኋላ በአጠገባችን ላለፈ ባጃጅ ሁሉ እጃቸውን ያውለበልቡ ነበር።

ሻይ ተክል የለበሰው ተራራ ላይ አቀበቱ አላልቅ አለ። የአዘጋጆቹ መኪና ከኋላችን ቀስ እያለ ይከተላል፤ ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ ና በሚል ምልክት ይጠራኛል። ፔዳሉ ከበደኝ። ለታላቅ ሰው ደከመኝ ማለት ያሳፍረኛል፤ ሆኖም አልኩት።

«ጋሼ፣ አልቻልኩም።»

«አሳርፈው እግርህን። እኔ አለሁ» አሉ። ፔዳሉ ከጫማዬ ሥር በራሱ ተነሳ፣ ወረደ፣ እንደገና ተነሳ። ትንፋሻቸው ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። ያን ጊዜ መዞር በጣም አምሮኝ ነበር። አልዞርኩም።

በምሥራቅ በኩል ምድሩ ደረቀ፣ ሜዳ ሆነ፣ ፀሐዩም ከረረ። በመጨረሻው ከሰዓት በኋላ አስፋልቱ አልቆ ወደ አሸዋ ገባ፤ ከፊቴ ሰማያዊ መስመር ታየኝ። ስለ መልኩ ላስረዳ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ተወው» አሉኝ። «ይሰማኛል። ዝም ብለህ ንዳ።»

ነዳሁ። ጎማው አሸዋ ውስጥ እየሰጠመ፣ ብስክሌቱ እየከበደ፣ ሁለታችንም ፔዳሉን እስከ መጨረሻው መታነው። ውኃው ጫፍ ላይ ቆመና በዝግታ፣ ምንም ሳይቸኩል፣ በጎኑ ተኛ፤ እኛም አብረነው። ማዕበል መጥቶ የጋሼን እጅ አጥቦ ተመለሰ። ጣታቸውን ቀመሱ። ያኔ ዞርኩና ፊታቸውን በደንብ አየሁት።

ስልክ ደውዬ ሰጠኋቸው። ቶሮንቶ ገና እየነጋ ስለነበር ልጃቸው ከአዳር ሥራ መውጣቷ ነው።

«ወደቅን» አሏት ጋሼ።

ከስልኩ ውስጥ የአምቡላንስ ጩኸት ተሰማ። ቀጥሎ፣ «አባዬ! የት?»

«ባሕሩ ላይ።»

ድምፅዋ በእንባ ረጥቦ ነበር። «ፕሮሚስ ፕሮሚስ ነው። የቀረውን በመኪና።»

ጋሼ እግራቸውን ወደ ውኃው ዘርግተው ተመቻቹ። «እሺ እመቤቴ» አሉ። «ግን ምንም የቀረ የለም።»