ወንድሜ መሸክሸኪያውን ለገበያ ያሳየ ዕለት

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አልቆ ወገዳ ስገባ ታላቅ ወንድሜ የብየዳ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ እጄን ይዞ ወደ ጓዳ ወሰደኝና ሸራውን ገፈፈው። ከበርሜል፣ ከብስክሌት ፔዳልና ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሠራው የገብስ መሸክሸኪያ ነበር። ገብስ ጨመረበትና ፔዳሉን ረገጠ። ገብሱ ገለፈቱን ጥሎ፣ ሳይሰበር፣ ነጭ ሆኖ ወረደ። እናታችን ሙቀጫ ላይ ግማሽ ቀን የምትደክምበት ሥራ በዓይኔ ፊት አለቀ።

«ከዚህ በፊት ማን አይቶታል?» አልኩት።

እንደምደሰት ጠብቆ ነበርና ፊቱ ጠቆር አለ። እኔ ግን ሐሳቡ ይሰረቅበታል የሚለውን ፍርሃት ይዤ የመጣሁት ከዩኒቨርሲቲ ነው። ኢንተርፕረነርሺፕ የሚያስተምረን መምህር አዲስ ድርጅት የሚጀምሩ ሰዎች ስለሚሠሩት ስህተት ብዙ ነግሮናል። አንዳንዱ የፈጠረውን ለባለቤትነት መብት ሳያመለክት ለሕዝብ ያሳያል። ሌላው ሳያነብ ይፈርማል። እኔ ከፊት ወንበር ተቀምጬ የተናገረውን ሁሉ እጽፍ ነበር።

«በመጪው አርብ አርብ ገበያ ከተማ ይዤው እሄዳለሁ» አለ ወንድሜ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ለአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤቱ እናመልክት። ከዚያ በኋላ የፈለግህበት ታሳያለህ።»

«አዲስ አበባ ድረስ? እስከዚያ ምን ላድርገው፣ አንቺ ምሁር? ጋቢ አልብሼ ላስተኛው?»

ወንድሜ ወደ ብየዳ ከመግባቱ በፊት በአብነት ትምህርት ቤት ቅኔ ተምሯል። እዚያ ቅኔ ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበት። ተማሪው የተቀኘውን ቆሞ ሲያሰማ የሰማ ሁሉ የእሱ መሆኑን ያውቅለታል። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ የቆመም ወዲያው ይታወቅበታል፤ ከዚያ ወዲያ ከጓደኞቹ መሃል ቀና ብሎ አይሄድም። ወንድሜ ስለ መሸክሸኪያውም የሚያስበው እንደዚሁ ነበር።

«የኔ መሆኑ የሚጠፋውስ ከደበቅሁት ነው» አለኝ። «ሕዝብ ፊት ካቆምኩት ማን ይክደኛል?»

«ገበያው እኮ የቅኔ ጉባኤ አይደለም» አልኩት። ሳቀብኝ።

አርብ ዕለት በአይሱዙ ጭነን ሄድን። ከጎናችን ጨርቅ የሚሸጡ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁሉም ሐጂ ይላቸዋል፤ ከድንኳናቸው ጥላ ከፍለው ሰጡን። ወንድሜ ፔዳሉን መርገጥ ሲጀምር ሰው አህያውን እየጎተተ ከበበን።

«አንተ ልጅ፣ ይህ ነገር ወጥም ይሠራል?» አለ አንድ ገበሬ። «ከሠራ ሚስቴን ለውጠህ ስጠኝ።»

«እኔም አንተን ሰጥቼ እሱን ብወስድ ይሻለኛል» አለች ሚስቱ ከኋላው። «እሱ ሲረገጥ ይሠራል።»

ገበያው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ለጥቂት ጊዜ ፍርሃቴን ረሳሁት። ከዚያ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ሰዉን እየከፈለ መጣ። ትሑት ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እጅህ ይባረክ» አለው ወንድሜን። «ውስጡንስ ማየት ይቻላል?»

ወንድሜ ክዳኑን ሊከፍት ሲል መሃላቸው ገባሁ።

«ሲገዙት ያዩታል» አልኩ።

«ዘወር በይ! እንግዳ አታሳፍሪ!»

ዘወር አልኩ። ሰውየው ስልኩን በርሜሉ ውስጥ አስገብቶ ቀስ እያለ ቀረጸ። ገብሱ እንዳይሰበር የሚያደርጉት በበርሜሉ የውስጥ ግድግዳ ላይ ዘመም ተደርገው የተመቱት የጎማ ቁራጮች ናቸው።

«ለምን ዘመሙ?» ብሎ ጠየቀ።

ወንድሜ የቅኔ ምስጢር እንደሚፈታ ሰው በደስታ አብራራለት። ሰውየው በቁራጮቹ መሃል ያለውን ስፋት በጣቱ ለካ፤ አመሰገነና ሄደ። ወደ ስልኩ እያየ ስለነበር ማንንም አልተሰናበተም።

«ልጄ፣ ያ ሰውዬ ዋጋ ጠየቀህ?» አሉት ሐጂ።

«አልጠየቀኝም፣ ሐጂ። ሥራው ደስ ብሎት ነው እንጂ።»

«እኔ ይህን ያህል ዘመን ጨርቅ ስሸጥ፣ ሁሉን ገልጦ አይቶ ዋጋ ሳይጠይቅ የሚሄድ ሰው አይጥመኝም» አሉና ወደ ጨርቃቸው ዞሩ።

በማግሥቱ ለመምህሬ ደወልኩ። ሰው ማየቱ ብቻውን መብት እንደማይሰጥ፣ ሥዕሉንና ማብራሪያውን አዘጋጅተን በቶሎ እንድናመለክት፣ ሌላ ሰው ከቀደመን ግን ነገሩ እንደሚከብድ ነገረኝ። ሥዕሉን እኔ ሣልኩት። አመልካች ሆኖ መፈረም ያለበት ወንድሜ ነበር። ከዚያች አርብ ወዲህ ግን ትዕዛዝ ጎርፎለት ነበርና «ይህቺን ልጨርስ» እያለ ዕረፍቴ አለቀ። ወደ ትምህርቴ ስመለስ የሣልኩት ወረቀት ብየዳ ቤቱ ውስጥ ሳይፈረምበት ቀረ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከክፍል ስወጣ ደወለልኝ። ድምፁ የእሱ አልመስል አለኝ። በእስቴ በኩል አረንጓዴ ቀለም የተቀቡ መሸክሸኪያዎች ገበያ ገብተዋል። ያዘዙት ሰዎችም እየመጡ «አንተም ከእነሱ ነው የቀዳኸው?» ይሉታል። ለእሱ ከዚህ የከፋ ቃል እንደሌለ አውቃለሁ።

«ያ ባለ ጃኬቱ ሰውዬም ቤቴ መጥቶ ነበር» አለ። «አመልክቻለሁ ይላል። ከእንግዲህ ብሠራ በሕግ ይጠይቀኛል። ግን ክፋት አልፈልግም፣ እጅህ ጥሩ ነው፣ ከኔ ጋር ሥራ፣ ደመወዝ እከፍልሃለሁ አለኝ። ውል ትቶልኛል።»

«አንብብልኝ።»

አነበበልኝ። እስካሁን የሠራውም ወደፊት የሚሠራውም ሁሉ የድርጅቱ ንብረት ይሆናል ይላል።

«ጋሼ፣ እንዳትፈርም! ከፈረምክ ራስህ ሰጠኸው ማለት ነው። ገና መከራከር ትችላለህ። አርብ ገበያ የነበሩትን ሰዎች ጠይቅ፤ ማን ቪዲዮ ቀርጿል? ሥዕሉን ይዘህ በመጀመሪያው መኪና ወደ እኔ ና።»

«የምን መኪና? ወደ አንቺ የሚያመጣው መንገድ ከተዘጋ ሰነበተ» አለኝ። «ሰውየው ደግሞ ለመልሱ ነገ ጠዋት እመጣለሁ ብሏል። የያዝኩትን ትዕዛዝ ከለከለኝ፤ እናታችንን ምን ላብላት?»

ልመልስለት ስል የቆርቆሮው በር ሲንኳኳ በስልኩ ሰማሁ።

«በዚሁ ሳልፍ ነው» አለ አንድ ትሑት ድምፅ። «ለምን ዛሬውኑ አንጨርሰውም ብዬ።»

«ጋሼ! ጋሼ፣ እንዳትፈርም!»

ወንድሜ ስልኩን ሳይዘጋ አንድ ቦታ አስቀመጠው። «ግባ፣ ተቀመጥ» ሲለውና ወንበር ሲጎተት ተሰማኝ። ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ። ይህን በምጽፍበት ሰዓትም አልተመለሰም፤ መፈረም አለመፈረሙን አላወቅሁም።